ዳገቱና ዲግሪው

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ አሮጌ ላዳ ወይም ዲኤክስ ኮሮላ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ ያላየ የጉለሌ ሰው የለም። ሾፌሩ ጥፋቱን በካንዴላው፣ በካርቡራቶሩ፣ ሲብስም በማደያው ቤንዚን ያላክካል። የመጀመሪያው ተጠያቂ ግን አየሩ ነው። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል 2,330 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ የእንጦጦ አናት 3,200 ይደርሳል። ጉለሌ በሁለቱ መሀል ተንጠልጥላለች። በ2,500 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ፋብሪካው ከጻፈለት ጉልበት ሩቡን ገደማ እዚህ ያጣል። ይህን የሚመልስ መካኒክ የለም።

ሁለተኛው ኪሳራ ግን የእጃችን ሥራ ነው፤ ይህ ጽሑፍም የሚያሳስበው እሱ ነው። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ፣ ማቀዝቀዣ ፈሳሹ በቧንቧ ውኃ ከተተካ፣ ቴርሞስታቱም «ለምን ያስፈልጋል» ተብሎ ከወጣ፣ ዳገቱ መኪናውን ያፈላዋል። የፈላ ሞተር ቴስታታው፣ ማለትም የሲሊንደሮቹ የላይ ክዳን፣ ይጣመማል፤ ጋስኬቱ ይቃጠላል። ቴስታታው ይወርድና ይላጋል፤ በዓመቱ ደግሞ ይላጋል። ባለቤቱ መኪናውን ሲረከብ አይፈላም፤ ጉልበቱ ግን እንደ ድሮው አይደለም። «ሞተሩ አርጅቷል» ተብሎ ይሸኛል።

እርጅናው ሁሌ እውነት አይደለም። በብዙ ሞተሮች ቫልቮችን የሚከፍትና የሚዘጋው ካምሻፍት በቴስታታው ላይ ተቀምጦ፣ ከታች ካለው ክራንክሻፍት ጋር በቺንጋ ወይም በሰንሰለት የተያያዘ ነው። ክራንኩ ሁለቴ ሲዞር ካሙ አንዴ ይዞራል። ቴስታታው በተላገ ቁጥር ካሙ ወደ ክራንኩ ይጠጋል፤ የሚጎትተው የቺንጋ ወገን ያጥራል፣ ትርፉን መወጠሪያው ይውጠዋል፣ ካሙም ከቦታው ዘግይቶ ይቀራል። ሒሳቡ ቀላል ነው። 12 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው የካም ጊር ላይ የአንድ ሚሊሜትር መላግ ካሙን አንድ ዲግሪ ገደማ ያዘገየዋል፤ በክራንክ ሲለካ ሁለት ዲግሪ ማለት ነው። የዘገየ ካም የመግቢያውን ቫልቭ ዘግይቶ ይዘጋል፤ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመለስ ወደ ሲሊንደሩ የገባው አየር ከፊሉ መልሶ ይወጣል። በዝቅተኛ ዙር፣ ማለትም በዳገት ላይ፣ ይህ ይጎዳል። አየሩ ድሮም ሳስቶ ነበርና ጉዳቱ ይበልጥ ይሰማል።

«ታዲያ ቺንጋውን አንድ ጥርስ አሳልፈህ ግጠመው» የሚል ይኖራል። 40 ጥርስ ባለው ጊር አንድ ጥርስ 9 የካም ዲግሪ፣ 18 የክራንክ ዲግሪ ነው። ሁለት ዲግሪ የጎደለውን በ18 ማካካስ ሞተርን መቅጣት ነው፤ በአንዳንድ ሞተሮች ቫልቩ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫል።

መፍትሔው ተስተካካይ ካም ጊር ነው። ጥርሶቹ ያሉበት የውጭ ቀለበትና ካሙን የሚይዘው መሀል ተለያይተው፣ በሞላላ ቀዳዳ በሚያልፉ ቡሎኖች ይያያዛሉ፤ ቡሎኖቹ ሲላሉ ካሙ በዲግሪ ክፍልፋይ ሳይቀር ይዞራል። ከተማው ውስጥ ስሙ ሲነሳ ብዙዎች የሚያስቡት ማርሚታ ያስቀየረ ጎረምሳን ነው። እኔ ግን የጥገና ዕቃ እለዋለሁ፤ የተላገ ቴስታታ ከጎረምሳው ይልቅ ይፈልገዋል።

አገጣጠሙ ትዕግሥት ይጠይቃል። በፋብሪካው ምልክት ብቻ መተማመን አይበቃም፤ የተዛባው ራሱ ምልክቱ ነውና። የአንደኛው ፒስተን እውነተኛ ጫፍ በካንዴላው ቀዳዳ በሚገባ መለኪያ ይገኛል፣ ክራንኩ ላይ በዲግሪ የተከፋፈለ ሳህን ይታሰራል፣ የመግቢያው ቫልቭ የሚንቀሳቀስበት ነጥብ ከአምራቹ መጽሐፍ ጋር ይነጻጸራል። ከዚያ ጊሩ ይስተካከላል፣ ቡሎኖቹ ይጠብቃሉ፣ ሞተሩ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞራል። አንድ ቦታ ከያዘ ማስነሳት የለም። ከመጽሐፉ ልክ ሁለት ሦስት ዲግሪ ማስቀደም ለዳገት ይጠቅማል፤ በረጅም ሜዳ ላይ ግን ከላይኛው ዙር ያስከፍላል። ዲስትሪቡተሩ ከካሙ ጋር በሚዞርባቸው ሞተሮች ደግሞ እሳቱም አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ በመብራት እንደገና ካልታየ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው።

ቪትዝ ያለውን ሰው ይህ አይመለከተውም። ቶዮታ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቀው ሥርዓት ሞተሩ እየዞረ ሳለ የመግቢያውን ካም በዘይት ግፊት ራሱ ያስቀድማል፣ ያዘገያል። ጥያቄው በአሮጌዎቹ ላይ ነው።

አሮጌዎቹ ደግሞ ከጎዳና አልወጡም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ዕድሜ የጠገቡ መኪኖች እንዳይገቡ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በሐምሌ 2014 የነዳጅ ድጎማው መነሳት ጀመረ። በ2016 ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከእንግዲህ እንደማይገቡ አስታወቁ። የአየር ብክለቱንና የውጭ ምንዛሪውን ክርክር አልቃወምም። ነገር ግን በሩ የተዘጋው ለሚገባው ነው፤ ውስጥ ያለው ላዳ ዋጋው ጨምሮ፣ ቤንዚኑ ተወዶበት፣ ቴስታታው ለሦስተኛ ጊዜ ተልጎ ቀጥሏል። ኤሌክትሪክ መኪና የማይገዛው ባለቤቱ በየሊትሩ የሚያጣውን ጉልበት ማንም አስልቶ አልነገረውም።

ስለዚህ ቴስታታ የሚያስልግ ሰው ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ ስንት ሚሊሜትር እንደተነሳና ካሙ ከዚያ በኋላ መለካቱን። የመጀመሪያውን የማያውቅ ጋራዥ ሁለተኛውን አይሠራውም። የጊሩን ቀዳዳ በቶርኖ ቤት አስፍቶ መጠቀም የሚፈልግም አለ፤ ቡሎኑ ሲላላ ካሙ በሙሉ ዙር ላይ ይንሸራተታልና እኔ አልመክርም። ራዲያተሩ ሳይጠገን ጊር መግዛትም ገንዘብ ማባከን ነው፤ ያው ቴስታታ በሚቀጥለው ዳገት እንደገና ይወርዳል።