ጸንቶ የሚቆየውና የሚለዋወጠው፦ ነባሩን ዘዴና አጃይልን በአንድ ፕሮጀክት ስለማጣመር

በመረጃ ቴክኖሎጂ ፕሮጀክቶች አመራር ነባሩ ዘዴ የሚባለው፣ ፍላጎትን አስቀድሞ አጥንቶና አጽድቆ፣ ንድፍን፣ ግንባታንና ፍተሻን በቅደም ተከተል የሚያከናውነው ነው። አጃይል በአንጻሩ ሥራውን በአጫጭር ዙሮች ይከፋፍላል፤ በየዙሩ ማብቂያ የሚሠራ ሶፍትዌር ለተጠቃሚው ቀርቦ ቀጣዩ ሥራ በአስተያየቱ መሠረት ይቃኛል። ሁለቱን እንደ ባላንጣ ማየት በከፊል የተዛባ ንባብ ውጤት ነው። የነባሩ ዘዴ አባት ተደርጎ የሚጠቀሰው ዊንስተን ሮይስ ራሱ በ1970 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ ፍተሻን እስከ መጨረሻ ማቆየት ለውድቀት እንደሚያጋልጥ አስጠንቅቆ ነበር።

ማጣመሩ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ የምርመራ መዝገቦቹን ለማስተዳደር ያሠራው ሴንቲኔል የተባለ ሥርዓት ጥሩ ማሳያ ነው። ሥራው በ2006 እ.ኤ.አ. በአራት ምዕራፎች ተከፍሎ ለተቋራጭ ተሰጠ። እስከ ኦገስት 2010 ከተመደበው 451 ሚሊዮን ዶላር 405 ሚሊዮን ያህሉ ሲወጣ፣ ርክክብ የተፈጸመው በሁለት ምዕራፎች ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ቢሮው አመራሩን ራሱ ይዞ፣ በአነስተኛ ቡድንና በሁለት ሳምንት ዙሮች መሥራት ጀመረ።

ይህ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የአጃይል ድል ተደርጎ ይተረካል፤ ትረካው ግን ዋናውን ነጥብ ይዘለዋል። ቀድሞ የጸደቀው የፍላጎት ሰነድ አልተጣለም፤ ይዘቱ ወደ 670 የተጠቃሚ ታሪኮች ተመነዘረ እንጂ። የበጀት ጣሪያውም ባለበት ጸና። ምን ይሠራ፣ በስንትስ የሚሉት ጥያቄዎች በነባሩ ዘዴ ሥር ቀሩ፤ በምን ቅደም ተከተልና በምን መልክ የሚሉት ለዙሮቹ ተለቀቁ።

መጋጠሚያው ግን ስንጥቅ ነበረው። በኦክቶበር 2011 በተካሄደ ሰፊ ሙከራ ሥርዓቱ እየተቋረጠ አስቸገረ፤ የነበረው የኮምፒውተር መሣሪያ ጫናውን እንደማይሸከም ታወቀ። የሁለት ሳምንት ዙር የገጽ ቅርጽን ሊያርም ይችላል፤ የመሣሪያ ግዥን ግን አያፋጥንም። ሥርዓቱ ሥራ ላይ የዋለው በጁላይ 2012 ነው። በእኔ እይታ የመሣሪያ አቅም ጥናት፣ የመረጃ ደኅንነትና ከነባር ሥርዓቶች ጋር መገናኘት አስቀድመው መታቀድ ይኖርባቸዋል።

የሥራ ዝርዝርና ዋጋ ከውል በፊት በሚወሰኑበት የመንግሥት ግዥ፣ በአገራችንም ጭምር፣ ችግሩ ወደ ውሉ ቋንቋ ይሸጋገራል። ተመራማሪ ሊፈትሸው የሚገባው አንቀጽ አንድን የጸደቀ ፍላጎት፣ ዋጋው ሳይነካ፣ ተመጣጣኝ ድካም በሚጠይቅ ሌላ ፍላጎት መለወጥን የሚፈቅደው ነው፤ ልውውጡን ማን ያጸድቃል፣ ድካሙስ በምን ይለካል?