የጫሞ ጀልባ አፍንጫውን ሲያነሳ

ጫሞ ሐይቅ ላይ መንገደኛ የጫነ የሞተር ጀልባ ነዳጅ ሲሰጠው አፍንጫው ሽቅብ ይነሳል፣ ኋላው ይቀመጣል። ካፒቴኑ የሞተሩን እጀታ ይዞ ከኋላ ስለሚቀመጥ በዚያ ሰዓት የሚያየው ከፊቱ ያለውን ውሃ ሳይሆን የተሳፋሪዎቹን ጀርባና የጀልባውን ጫፍ ነው። ጫሞ ላይ ደግሞ ለጥቂት ሰከንድ እንኳ ፊትን አለማየት ቀላል ነገር አይደለም። ጉማሬ ድንገት ብቅ ሊል ይችላል፤ የዓሣ አስጋሪዎች መረብም ተንሳፋፊው ብቻ እየታየ መንገድ ላይ ተዘርግቶ ይገኛል። ከአርባ ምንጭ ተነስቶ አዞዎች ወደሚሰበሰቡበት ወደ «አዞ ገበያ» የሚሻገር ሰው ሁሉ ደህንነቱን የጣለው በካፒቴኑ ዓይን ላይ ነው።

ይህን የአፍንጫ መነሳት ለማረም የተሠራ ዕቃ አለ፤ ትሪም ታብ ይባላል። ሁለት የላሜራ ቁራጮች ናቸው። በጀልባው የኋላ ግድግዳ የታችኛው ጠርዝ ላይ፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ፣ በማጠፊያ ይታሰራሉ። ጀልባው ሲሮጥ ከሆዱ ሥር የሚወጣው ውሃ ወደ ታች ያዘነበለውን ላሜራ ይመታዋል፤ ላሜራው ውሃውን ወደ ታች ሲገፋ ውሃው በአጸፋው ላሜራውን ወደ ላይ ይገፋዋል። የሚዛን አንዱ ጫፍ ሲነሳ ሌላው እንደሚወርድ ሁሉ፣ ኋላው ከፍ ሲል አፍንጫው ዝቅ ይላል። አንዱን ታብ ብቻ ማውረድም ይቻላል። የግራው ሲወርድ የግራው ኋላ ይነሳና ጀልባው ወደ ቀኝ ያጋድላል። ወደ ግራ ያጋደለ ጀልባ የሚቃናው እንዲህ ነው።

አፍንጫው ለምን ይነሳል? በዝግታ የሚሄድ ጀልባ ውሃውን ወደ ጎን እየከፈለ ነው የሚያልፈው። ፍጥነት ሲጨምር ከፊቱ የራሱን ሞገድ ያቆማል፤ ያንን ሞገድ እንደ ዳገት ለመውጣት ይታገላል። ዳገቱን ካለፈ ሆዱ በውሃው ገጽ ላይ መንሸራተት ይጀምርና አፍንጫው በራሱ ይወርዳል። ቤንዚን በከንቱ የሚያልቀው መሐል ላይ፣ ዳገቱን እየታገሉ በሚሄዱበት ፍጥነት ነው፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ከኋላ ትልቅ ሞገድ ይከተላል፣ ጀልባው ግን አይሮጥም። ታብ ይህን ዳገት ያሳጥረዋል። ጀልባው ባነሰ ነዳጅ ወደ መንሸራተት ይደርሳል፤ ከደረሰም በኋላ ፍጥነቱ ትንሽ ቢቀንስ ተመልሶ አይቀመጥም።

ጫሞ ላይ ይህ ችግር የሚብሰው በከፍታው ምክንያት ነው። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። አየሩ ስለሚሳሳ ተራ የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። 40 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛ ሞተር ጫሞ ላይ ሲደርስ 35 ወይም 36 ሆኖ ነው የሚሠራው። በዚያ ላይ አሥር ሰው ሲሳፈር፣ አንዱን በ70 ኪሎ ብናስበው፣ 700 ኪሎ ይጨመራል። ሞተሩ ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶት እንኳ የሚገባውን ዙር ካልደረሰ መጀመሪያ የሚታየው ፕሮፔለሩ ነው፤ በአንድ ዙር አጭር ርቀት የሚራመድ፣ ማለትም ቅጠሉ ቀለል ያለ ጠመዝማዛ ያለው፣ ለከፍታ ቦታ ይሻላል።

ትሪም ታብ ከመግዛት በፊት ሌሎች ሦስት ነገሮች ተራቸው ነው ብዬ አጥብቄ አምናለሁ። ሦስቱም ገንዘብ አይጠይቁም፤ ሳይታዩ ታብ የተገጠመበት ጀልባ ደግሞ ያልታከመ በሽታውን ይዞ ነው የሚሮጠው።

አንደኛው አቀማመጥ ነው። ቤንዚን ጀሪካኑ፣ ባትሪው፣ ካፒቴኑና ሞተሩ ራሱ ሁሉም ኋላ ላይ ናቸው። ከባድ ሰዎች የኋላውን ወንበር ሲይዙ ምንም ዓይነት ታብ አይመልሰውም። ሁለት ሰው ከኋላ ወደ መሐል ማዛወርና ጀሪካኑን ከመሐል ትንሽ ወደ ፊት ማሰር የጀልባውን ጠባይ ወዲያው ይለውጠዋል። ስለ ተሳፋሪ ካነሳን አይቀር፣ ጀልባው አዞዎቹ ዘንድ ደርሶ ሞተሩ ዝግ ሲል ሁሉም ካሜራውን ይዞ ወደ አንድ ጎን ይነሳል። ያን ጊዜ ታብ ምንም አይረዳም፤ የሚሠራው ውሃ በፍጥነት ሲመታው ብቻ ነው። ተሳፋሪዎቹ ከመነሻው ላይ ሳሉ «ተራ በተራ፣ ቁጭ ብላችሁ» መባል አለባቸው።

ሁለተኛው የሞተሩ አንግል ነው። ሞተሩ በጀልባው ግድግዳ ላይ የታቀፈበት ማንጠልጠያ ላይ የተደረደሩ ቀዳዳዎች አሉ፤ በእነሱ ውስጥ የሚያልፍ ወፍራም ፒን ሞተሩ ሲወርድ የት ላይ እንደሚያርፍ ይወስናል። ፒኑ ለጀልባው ወደሚቀርበው ቀዳዳ ሲዛወር የሞተሩ እግር ወደ ውስጥ ይገባና አፍንጫው ይወርዳል፤ ወደ ውጭ ሲዛወር አፍንጫው ይነሳል። ኤሌክትሪክ ማንሻ ያላቸው ትልልቅ ሞተሮች ይህን በቁልፍ ይሠራሉ፤ ትንንሾቹ ግን ሞተር አጥፍቶ፣ እጅ ሰዶ፣ ፒን ነቅሎ መቀየር ይፈልጋሉ። አንድ ቀዳዳ ብቻ ቀይሮ መሞከር ነው። የሞተሩ ቁመትም ይታይ፦ ጀልባው የብስ ላይ ሳለ ቀጥ ያለ ጣውላ ከሆዱ ሥር ወደ ኋላ ዘርግቶ ማየት ይበቃል። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ብረት ከሆዱ ጋር ከሞላ ጎደል እኩል መስመር ላይ መዋል አለበት። በጣም ከፍ ካለ ፕሮፔለሩ አየር ይስብና ሞተሩ ባዶውን ይጮኻል፤ በጣም ከወረደ ውሃ ይረጫል፣ ይጎትታልም።

ሦስተኛው ከዚያ ጠፍጣፋ ብረት ሥር የተንጠለጠለችው መዳፍ የማትሞላ ክንፍ ናት። መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ እሷም ትሪም ታብ ስለምትባል ብዙ ሰው ይምታታበታል፤ ሥራዋ ግን ሌላ ነው። ፕሮፔለር በአንድ አቅጣጫ ሲዞር መሪውን ወደ ጎን ይስበዋል፤ ካፒቴኑ ቀኑን ሙሉ እጀታውን ሲታገል ክንዱ የሚዝለው በዚህ ነው። ጀልባው ወደ ቀኝ የሚስብ ከሆነ የያዛት ብሎን ይላላና የክንፏ የኋላ ጫፍ በትንሹ ወደዚያው ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ወደ ግራ ከሳበም ወደ ግራ። መጀመሪያ ሲሰሙት የተገለበጠ ይመስላል፤ ግን ክንፏን የሚመታው ውሃ የሞተሩን እግር ወደ ተቃራኒው ስለሚገፋው መሪው ይቃናል። በብዙ ሞተሮች ላይ ይቺው ክንፍ ሌሎቹን ብረቶች ከመበላት ለማዳን ራሷ እየተበላች የምታልቅ ናት። ስለዚህ ቀለም አትቀባም፤ ግማሿ ሲያልቅ ትቀየራለች።

እነዚህ ሁሉ ተደርገው አፍንጫው አሁንም ከተነሳ፣ አሁን ታብ ይገዛ።

መጠኑን ለመምረጥ ሠሪዎቹ ሲጠቀሙበት የኖሩት ልማድ ወደ ሜትር ሲመነዘር እንዲህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ሜትር የጀልባ ርዝመት በእያንዳንዱ ጎን 8 ሳንቲ ሜትር ያህል የታብ ስፋት። የ6 ሜትር ጀልባ በግራ 50፣ በቀኝ 50 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይፈልጋል፤ ወደ ኋላ የሚረዝመው የተለመደው ልክ ደግሞ 23 ሳንቲ ሜትር ነው። ከርዝመቱ ይልቅ ስፋቱ ይበልጣል። ሰፊ ታብ በጥቂቱ ዘንበል ብሎ የሚሰጠውን ማንሻ፣ ጠባቡ ብዙ ካልወረደ አይሰጥም፤ ብዙ የወረደ ታብ ደግሞ ብሬክ ነው። ከባድ ጭነት ይዞ በመካከለኛ ፍጥነት ለሚሄድ ጀልባ፣ የጫሞዎቹ እንደዚያ ናቸው፣ ቦታው የፈቀደውን ያህል ሰፊውን መምረጥ ይሻላል። ቦታውን የሚያጠብበው ሞተሩ ነው። ታቡ ከሞተሩ መሐል መስመር ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ካልራቀ የሚያናውጠው ውሃ ወደ ፕሮፔለሩ ይገባል። ከጀልባው የጎን ጠርዝም 8 ወይም 10 ሳንቲ ሜትር መግባት አለበት፤ ያለዚያ ጀልባው ሲታጠፍ ውሃውን ይቦጫጭረዋል።

ዓይነቱን የሚወስነው ባትሪ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራውም በዘይት ግፊት የሚሠራውም 12 ቮልት ይፈልጋሉ። በገመድ ተስቦ የሚነሳና ባትሪ የማይሞላ ሞተር ላይ እነሱን መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው። ለዚያ ሦስተኛ ዓይነት አለ፦ የታመቀ ጋዝ ያለበት ዘንግ ታቡን ወደ ታች ይዞት ይቆያል፤ ፍጥነት ሲጨምር ውሃው ራሱ ገፍቶ ያነሳዋል። ሽቦ የለውም፣ ቁልፍ የለውም። ጉድለቱ ካፒቴኑ እየሄደ ግራና ቀኙን ለይቶ ማስተካከል አለመቻሉ ነው። ዛሬ ሦስት ሰው ነገ አሥራ ሁለት ለሚጭን ጀልባ፣ ባትሪ ካለው፣ የኤሌክትሪኩን እመርጣለሁ፤ ከዘይቱ ይልቅ የሚፈስና የሚሞላ ነገር ስለሌለው ከአዲስ አበባ ራቅ ላለ ቦታ ይቀላል። በታብ ፋንታ ከጀልባው ሆድ የኋላ ጫፍ ሥር የእንጨት ሽብልቅ ቸንክሮ መገላገልን የሚመክሩም አሉ። ጭነቱ ለማይለዋወጥ ጀልባ ካልሆነ በቀር አይመከርም።

ጣና ላይ ወደ ገዳማቱ የሚመላለሱት ረጃጅምና ዝግተኛ ጀልባዎች ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ናቸው። በሚሄዱበት ፍጥነት መንሸራተት ውስጥ አይገቡም፤ ታብ ቢገጠምላቸው መጎተት ነው የሚያተርፉት።

ሲገጠም ማጠፊያው ከሆዱ ጠርዝ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ መታሰር አለበት፤ ከጠርዙ በታች ከወጣ ታቡ ተዘግቶም ውሃ ይቧጥጣል። ግራና ቀኙ እኩል መሆናቸው በውሃ ልክና በሜትር ይረጋገጥ፤ በግምት የተገጠመ ታብ ያቃናል የተባለውን ጀልባ ራሱ ያጋድለዋል። በፋይበር ጀልባ ላይ እያንዳንዱ ቀዳዳ በባሕር ሲልከን ተሞልቶ ብሎኑ ይጠብቅ፤ ውስጡ ጣውላ ያለው ግድግዳ ውሃ ካገኘ ከውስጥ ይበሰብሳል፣ ከውጭም አይታይም። በአሉሚኒየም ጀልባ ላይ ደግሞ የማይዝገው ብረትና አሉሚኒየሙ ውሃ ውስጥ በቀጥታ ከተነካኩ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ መሐላቸው ላስቲክ ይግባ።

አሁን ማስተካከሉ። ከመነሻው ሲነሱ ሁለቱም ታቦች ይውረዱ፣ ነዳጅ ይሰጥ፤ ጀልባው መንሸራተት ሲጀምር ቀስ በቀስ ይነሱ። ቁልፉ ለአፍታ ብቻ ተነክቶ ይለቀቃል፤ ከዚያ ሁለት ሦስት ሰከንድ ይጠበቃል። ጀልባ ወዲያው አይመልስም፤ ያልታገሠ ካፒቴን ደጋግሞ ይጫንና ከልኩ ያልፋል። ትክክለኛው ቦታ ላይ ሲደርስ የሞተሩ ድምፅ ይቀልላል፣ ዙሩ ሳይነካ በትንሹ ይጨምራል፣ ከጎን የሚወጣው ነጭ ውሃ ወደ ኋላ ይሸሻል። አፍንጫው እየተነሳ እየወደቀ መዝለል ከጀመረ ታቡ ጥቂት ይውረድ። ጀልባው በተቃራኒው አፍንጫውን ተክሎ ወዲያና ወዲህ ልሂድ ካለ፣ መሪውም ከከበደ፣ ታቡ በዝቷል፤ ይነሳ። ኤሌክትሪክ ታብ ያለው ሰው ደግሞ የቁልፉን ጽሑፍ ልብ ይበል። ብዙዎቹ የሚያሳዩት የሚወርደውን አፍንጫ ነው፤ በግራ በኩል ያለው ቁልፍ ሲነካ የሚንቀሳቀሰው የቀኙ ታብ ሊሆን ይችላል። ተሳፋሪ ሳይጫን አንድ ጊዜ የብስ ላይ ሞክሮ ማየት ይበቃል።

ነፋስ ሲነሳ ነገሩ ይለወጣል። ጫሞም ሆነ ሁለቱን ሐይቆች ከሚለየው የእግዜር ድልድይ ወዲያ ያለው ሰፊው የአባያ ሐይቅ ጥልቀታቸው ብዙ አይደለም፤ ጥልቀት በሌለው ሐይቅ ላይ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ነው። ሞገዱ ከፊት ሲመጣ ታቡን በጥቂቱ ማውረድ ስለታማው የአፍንጫ ክፍል ሞገዱን እንዲሰነጥቅ ያደርገዋል፤ የተሳፋሪው ወገብ አይመታም። ከጎን ሲነፍስ ጀልባው ወደ ነፋሱ ያጋድላል፣ የሚረጨው ውሃም ሰዉን ያረጥባል፤ በነፋሱ በኩል ያለውን ታብ ማውረድ ያንን ጎን ያነሳዋል። ከኋላ የሚገፋ ሞገድ ሲኖር ግን ታቦቹ ሙሉ በሙሉ መነሳት አለባቸው። አፍንጫው ዝቅ ብሎ ከፊቱ ያለውን ሞገድ ከወጋ፣ ኋላውን ሞገዱ ያዞረዋል፤ ጀልባ በጎኑ የሚገለበጠው እንዲህ ነው። ከአዞ ገበያ ሲመለስ ነፋሱ ከጀርባው የሆነ ካፒቴን፣ ሌላውን ሁሉ ቢረሳ ይህን አይርሳ። የጋዝ ዘንግ የተገጠመለት ጀልባ ታቡን በፈለገው ጊዜ ማንሳት ስለማይችል፣ እንዲህ ባለ ሰዓት ፍጥነት ቀንሶ ተሳፋሪዎችን ከፊት ወደ መሐል ማምጣት አለበት።

መነሻው ጋ ሲደረስና ሞተሩ ወደ ኋላ ማርሽ ከመግባቱ በፊት ታቦቹ ይነሱ። ወርደው ሳለ ወደ ኋላ ከተኬደ ውሃው ከጀርባ ገፍቶ ዘንጋቸውን ያጣምማል፣ የጀልባውንም ኋላ ወደ ታች ይስበዋል። ጀልባው ጭቃና ቄጤማ ባለበት ዳርቻ ከቆመ ማጠፊያው ውስጥ የተጠቀለለ ሣርና የመረብ ክር ይለቀም፤ አንዲት የናይለን ክር ብቻዋን የአንዱን ታብ እንቅስቃሴ ልትይዝ ትችላለች፤ ያን ጊዜ ጀልባው በማግስቱ ያለ ምክንያት ወደ አንድ ጎን የሚያጋድል ይመስላል።