ያውቁ ኖሯል? የላሽ መነሻ ጭንቀት ብቻ አይደለም
ብዙዎች «ላሽ» የሚሉት፣ ሐኪሞች አሎፔሺያ አሪያታ የሚሉት የፀጉር መርገፍ የሚመጣው ነጭ የደም ሴሎች የገዛ ሰውነታቸውን የፀጉር ሥር እንደ ባዕድ ቆጥረው ሲያጠቁት ነው። በሕሙማን ደም ውስጥ እንደ ኢንተርፌሮን ጋማ ያሉ፣ የሰውነትን መቆጣት የሚያሳዩ ንጥረ ነገሮች ከፍ ብለው ይገኛሉ፤ የእነርሱን መልእክት የሚያግደው ባሪሲቲኒብ የተባለው መድኃኒትም በ2022 እ.ኤ.አ. ለዚሁ በሽታ በአሜሪካ ተፈቅዷል። «ከሐዘን በኋላ የጀመራቸውስ?» የሚል ይኖራል። ጭንቀት በሽታውን ሊቀሰቅስ መቻሉን መካድ አይገባም፤ ነገር ግን የፀጉር መርገፉ ራሱ ያስጨንቃል፤ ፀጉሩ ከረገፈ በኋላ የተቀዳ ደም ደግሞ ከጭንቀቱና ከበሽታው የቱ እንደቀደመ አይነግረንም። ስለዚህ አንዲትን ታማሚ «አትጨነቂ፣ ይበቅላል» ማለት ጥፋቱን በእርሷ ላይ መጫን ነው፤ ይህ ደግሞ በደል ነው። የፀጉሩ ሥር አብዛኛውን ጊዜ አይሞትም፤ ከዓመታት በኋላም እንኳ ሊያበቅል ይችላል።