ዛፎቹን አስቀድሞ የቆጠበው ሰፈር

በደቡብ ምዕራብ ጀርመን በፍራይቡርግ ከተማ የሚገኘው ቮባን የፈረንሳይ ጦር ካምፕ ነበር። ወታደሮቹ እ.ኤ.አ. በ1992 ለቀው ሲወጡ ቦታው ለመኖሪያ ሰፈር ታሰበ። ዛሬ ከ5,000 በላይ ሰዎች ይኖሩበታል።

የዕቅዱ ትልቁ ብልሃት ምን መነካት እንደሌለበት አስቀድሞ መለየቱ ነው። በካምፑ ዘመን የነበሩ ትልልቅ ዛፎች ተጠብቀው አዳዲሶቹ ቤቶች በመካከላቸው ተሠሩ። በሰፈሩ ጠርዝ የሚፈሰው ጅረትም እንዳለ ቀረ። ዝናብ ሲጥል ውሃው ቱቦ ውስጥ ገብቶ አይጠፋም፤ ሣር በለበሱ ቦዮች እየሄደ ቀስ በቀስ ወደ መሬት ይሰርጋል፤ የከርሰ ምድሩንም ውሃ ይመግባል። በቤቶቹ መሃል የተተዉት አረንጓዴ ቦታዎች ደግሞ በአቅራቢያው ካለው ኮረብታ የሚወርደውን ቀዝቃዛ አየር ያሳልፋሉ። በበጋ ሙቀት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቤቶቹ ግን ተራርቀው የተሠሩ ቪላዎች አይደሉም። በአብዛኛው እስከ አራት ደርብ የሚደርሱና የተጠጋጉ ናቸው፤ መሬት የተረፈውም በዚሁ ነው።

መኪናም ቦታ አልተሻማም። በአብዛኞቹ የውስጥ መንገዶች ማቆም ስለማይፈቀድ ባለመኪናው በሰፈሩ ዳር ባሉ ባለ ፎቅ ጋራዦች ያቆማል። ዕቃ ለማውረድ የሚገባ ሰውም በእግረኛ ፍጥነት ይነዳል፤ ልጆች አስፋልቱ ላይ በጠመኔ ሥዕል ይሥላሉ። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ወደ መሃል ከተማ የሚወስደው ትራም በሣር መሃል በተዘረጋ ሐዲድ ያልፋል።