ከተባይ መድኃኒቱ ጋር ምን ተቀላቅሎ ነበር?
በእርሻ፣ በፍራፍሬ ተክልና በግሪንሃውስ ለሚሠሩ ታካሚዎች

በአማርኛ የምንውጠውንም እንክብል፣ ሰብል ላይ የምንረጨውንም መርዝ “መድኃኒት” እንላለን። ስለዚህ “ሥራ ቦታ መድኃኒት ነካኝ” ሲሉ ሐኪምዎ ላይረዳዎት ይችላል። አስተርጓሚ ሆኜ ስሠራ ይህን ቃል ስሰማ ሁልጊዜ መልሼ እጠይቃለሁ፦ የሚዋጥ ነው ወይስ የሚረጭ? ቀጥሎ የምጠይቀው ብዙ ሰው የማያስበውን ነው፦ አብሮት ምን ተቀላቅሎ ነበር?

አድጁቫንት ምንድን ነው?

አድጁቫንት ጸረ ተባዩ በደንብ እንዲሠራ ታንከሩ ውስጥ የሚጨመር ነገር ነው። በጥቅል ጎመን ቅጠል ላይ ውሃ ሲያፈሱ እየተንከባለለ ይወርዳል። ቅጠሉ ሰም መሰል ሽፋን ስላለው ነው። አድጁቫንት ይህን ችግር በተለያየ መንገድ ያቃልላል፦

• እንደ ሳሙና ያለው ጠብታው ቅጠሉ ላይ እንዲዘረጋ ያደርጋል።
• ዘይቱ መርዙ ወደ ቅጠሉ ውስጥ እንዲገባ ይረዳል።
• ማጣበቂያው ዝናብ እንዳያጥበው ይይዘዋል።
• ሌላው ደግሞ ጠብታውን ከፍ በማድረግ ነፋስ እንዳይወስደው ይከላከላል።

ለጤናዎ ለምን ያሳስባል?

ቅጠልን የሚያርስ ነገር ልብስንም ቶሎ ያርሳል። አንዳንዱ መርዙ በቆዳ በኩል እንዲገባ ሊረዳ ይችላል፤ አንዳንዱም ራሱ ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል። ግላይፎሴት ከተባለው የአረም ማጥፊያ ጋር የሚቀላቀለው ፒኦኢኤ የተባለ ንጥረ ነገር ከግላይፎሴቱ ይልቅ መርዛማ በመሆኑ፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2016 ለዚህ አገልግሎት እንዳይውል ከልክሏል።

በአሜሪካ ጸረ ተባዮች በኢፒኤ ተመዝግበው ቁጥር ይሰጣቸዋል። አድጁቫንት ግን ይህ ቁጥር የለውም። ቁጥር የለውም ማለት ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ስለዚህ “ሳሙናና ዘይት ብቻ ነው” ቢባሉም ጓንትዎንና የዓይን መከላከያዎን አያውልቁ። በማሸጊያው ላይ “ዴንጀር” የሚል ቃል ካዩ ከፍተኛ አደጋ አለው ማለት ነው።

ከነካዎት

• ቆዳ፦ ልብስዎን ወዲያውኑ ያውልቁ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በብዙ ውሃ ይታጠቡ።
• ዓይን፦ ዓይንዎን ከፍተው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በንጹህ ውሃ በቀስታ ያጥቡ።
• ከተዋጠ፦ የጤና ባለሙያ ካላዘዘ በስተቀር ለማስመለስ አይሞክሩ። ዘይት ያለበት ነገር ሲያስመልስ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።
• ለመተንፈስ ከተቸገሩ፣ ራስዎን ከሳቱ ወይም ከተንቀጠቀጡ 911 ይደወል።
• ለሌላ ጥያቄ የመርዝ መረጃ ማዕከልን በ1-800-222-1222 ይደውሉ። ቀንና ሌሊት ይሠራል፤ በነጻ ነው፤ አስተርጓሚም አለ።

ለሐኪም ምን ይንገሩ?

1. “የተባይ መርዝ” ወይም “የአረም መርዝ” ይበሉ። “መድኃኒት” ብቻ አይበሉ።
2. ታንከሩ ውስጥ የገባውን ሁሉ ይናገሩ፤ ሳሙና፣ ዘይት፣ ማጣበቂያ።
3. ከቻሉ የእያንዳንዱን ማሸጊያ ጽሑፍ በስልክዎ ፎቶ አንስተው ያሳዩ። ማሸጊያውን ራሱን ይዘው አይምጡ።
4. መቼ፣ የት አካልዎ ላይ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደነካዎት ይንገሩ።

መብትዎ

በሥራ ላይ በጸረ ተባይ ከታመሙ አሠሪዎ ቶሎ ወደ ሕክምና እንዲደርሱ የማድረግ፣ ስለ ጸረ ተባዩም ለሐኪሞቹ መረጃ የመስጠት ግዴታ አለበት። የአድጁቫንቱንም መረጃ እንዲጨምር ይጠይቁ። በመጠየቅዎ ሊቀጣዎት አይችልም።

ቤትዎ ሲደርሱ

ልጆችዎን ከማቀፍዎ በፊት ይታጠቡ፤ ልብስ ይቀይሩ። የሥራ ልብስዎን ለብቻው ይጠቡ። የተረፈ መርዝም ሆነ አድጁቫንት በለስላሳ ወይም በውሃ ጠርሙስ አያስቀምጡ። ለጓሮ አትክልትዎም ማሸጊያው ካልፈቀደ በስተቀር መርዝ ላይ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አይጨምሩ።

ክሊኒክ ሲመጡ “አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ” ይበሉ። አይከፍሉበትም።