ተጨማሪ መረጃ፦ ሌንሱን የሚያንቀሳቅሰው ሞተር ወዴት አለ?

የጃፓኑ ኒኮን እ.ኤ.አ. በ1959 ያወጣው የኤፍ መግጠሚያ ቅርጹን ጠብቆ ለብዙ ዘመን መዝለቁ የሚመሰገን ቢሆንም፣ ሌንሱ ከካሜራው ጋር በአካል መጋጠሙ ብቻውን ፍጹም ኅብረት እንዳይደለ ተማሪው ሊያስተውል ይገባዋል። ኤኤፍ እና ኤኤፍ-ዲ የሚባሉት የቀድሞ ሌንሶች የራሳቸው ሞተር ስለሌላቸው፣ በካሜራው ውስጥ ያለው ሞተር ከመግጠሚያው ብቅ በምትል ትንሽ ዘንግ አማካይነት ካላዞራቸው በቀር ትኩረታቸውን በራሳቸው አያስተካክሉም፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ዲ40 እና ከእርሱ በኋላ የመጡት የዲ3000ና የዲ5000 ተከታታይ ካሜራዎች ግን ይህ ሞተር የላቸውም። እንዲህ ያለውን ካሜራ የያዘ ሰው ወይም ሞተሩን በውስጡ የያዘውን ኤኤፍ-ኤስ ሌንስ ይሻል፣ ወይም ቀለበቱን በእጁ እያዞረ በመመልከቻው ውስጥ የምትበራውን ነጥብ ይከተላል። ካኖን እ.ኤ.አ. በ1987 የቀድሞ መግጠሚያውን ትቶ ሞተሩን በየሌንሱ ውስጥ ማኖሩ፣ የዱሮ ሌንሶችን ባለቤቶች ቢያሳዝንም፣ በእኔ ግምት ጥበብ የተመላበት ውሳኔ ነበረ።