ፓምፑን ማን ጠየቀው? የሞተር ማስነሻ ከ1891 ወዲህ

እ.ኤ.አ. በ1891 ፍራንክፈርት ላይ በተከፈተው የኤሌክትሪክ ዐውደ ርእይ ለጎብኚ ከቀረቡት ትርኢቶች አንዱ ሰው ሠራሽ ፏፏቴ ነበር። ውሃውን ሽቅብ የሚመልሰውን ፓምፕ የሚያሽከረክረው 100 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያለው ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ነው። ኃይሉ የሚመጣው 175 ኪሎ ሜትር ርቃ ኔካር ወንዝ ዳር ካለችው ከላውፈን ነበር። ከሥራው መሪዎች አንዱ ሩሲያዊው መሐንዲስ ሚኻይል ዶሊቮ ዶብሮቮልስኪ ነው። መስመሩ መጀመሪያ የሠራበት 15 ኪሎ ቮልት ዛሬም በየከተሞቻችን የመብራት ምሰሶ ላይ ይሄዳል።

ከዚያ ወዲህ ፓምፕና ሞተር አልተለያዩም። ጭቅጭቁ በሞተሩና በመስመሩ መካከል ነው፤ ምክንያቱ አነሳሱ ነው። ቆሞ ያለ ሞተር ለመስመሩ ሾርት እንደሆነ ትራንስፎርመር ይታየዋል። 30 ኪሎ ዋት ሞተር በ400 ቮልት በሙሉ ጭነት 55 አምፔር ገደማ ይወስዳል፤ በቀጥታ ሲነሳ ግን ስድስት ሰባት እጥፍ ይጎትታል፣ 350 አምፔር አካባቢ ማለት ነው። ሰፈሩን የሚመግበው ትራንስፎርመር 200 ኬቪኤ ከሆነ ሙሉ አቅሙ 290 አምፔር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ፓምፑ በተነሳ ቁጥር የሰፈሩ አምፖል ሁሉ ቀላ ብሎ ይመለሳል። መብራት የሚሸጠው ክፍል «ሌላ ዘዴ ፈልጉ» ማለቱ አይቀርም። መቶ ዓመት ያህል የተፈለገው ዘዴ ሁሉ መስመሩን ለማስታመም የተፈለገ ነው። ፓምፑን «አንተስ እንዴት መነሳት ትፈልጋለህ?» ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

ብዙ የቆየው መልስ ስታር ዴልታ ነው። ሞተሩ መጀመሪያ በስታር ይነሳል፤ እያንዳንዱ ጥቅል 58 በመቶ ቮልቴጅ ብቻ ስለሚደርሰው ከመስመሩ የሚጎተተው ከረንት ወደ ሲሶ ይወርዳል፤ ፍጥነት ሲይዝ ወደ ዴልታ ይዞራል። ያኔ ማዞሪያው ማንሻ ያለው የብረት ሣጥን ነበር። ለልምምድ የገባሁበት የፓምፕ ቤት ውስጥ የነበረው ሞተሪስት እጁን ማንሻው ላይ አድርጎ ዐይኑን ይጨፍናል። እኔ ሰዓቴን እያየሁ ስቆጥር ሳቀብኝ። «ቁጥሩን ተወው ልጄ፣ ድምፁን ስማ። ሲቀጥን ነው የሚዞረው» አለኝ። ጩኸቱ ከወፍራም ጀምሮ እየቀጠነ ይሄድና አንድ ቦታ ላይ ይረጋል፤ ማንሻው ያኔ ይዞራል።

ከዚያ ሦስት ኮንታክተርና አንድ ታይመር መጡና ጆሮው ቀረ። ታይመሩን የመጀመሪያው ተካይ 10 ሰከንድ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ቢቀየር፣ ፓምፑ ቢቀየር፣ ጉድጓዱ ቢቀየር የሚነካው የለም። ትልቁ ጉድለት ግን ሌላ ቦታ ነው። ከረንቱ ሲሶ ሲሆን ጉልበቱም ሲሶ ይሆናል። ሴንትሪፉጋል ፓምፕ ደግሞ የሚጠይቀው ጉልበት ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ያድጋል፤ ሲጀምር ቀላል ነው፣ መጨረሻ ላይ ይከብዳል። ቫልቩ ክፍት ከሆነ ሞተሩ በስታር ሙሉ ፍጥነት ላይ ሳይደርስ መሃል መንገድ ላይ ይተኛል። ታይመሩ ይህን አያውቅም፤ ሰዓቱ ሲደርስ ያዞራል፤ ያኔ የሚፈጠረው ከረንት በቀጥታ ከማስነሳት ብዙም አይሻልም። የድሮ ሰዎች ጌት ቫልቩን ዘግተው ያስነሱ የነበረው ለዚህ ነው። (ይህ ለሁሉም ፓምፕ አይሠራም፤ የአክሲያል ፓምፕ ጭነት ቫልቩ ሲዘጋ ይብሳል።) ሰብመርሲብል ላይ ስታር ዴልታ ይበልጥ ያሳፍራል። ሮተሩ ቀጭንና ቀላል ስለሆነ ከስታር ወደ ዴልታ ሲታለፍ ባለችው ቅጽበት ፍጥነቱን ይጥላል፤ የተቆጠበው ሁሉ እዚያው ይባክናል። እንዲህም ሆኖ በየጉድጓዱ አናት ያለውን ሣጥን ብትከፍቱ ሦስቱ ኮንታክተሮች ተደርድረው ታገኟቸዋላችሁ። ቢቃጠሉ መርካቶ ይገኛሉ፣ የሚያውቃቸውም ሞልቷል።

ትልልቅ ፓምፖች በአውቶትራንስፎርመር ይነሱ ነበር፤ 50፣ 65፣ 80 በመቶ የሚሰጡ መውጫዎች ያሉት ከባድ ሣጥን ነው። ጥሩ ይሠራል፣ ቦታና ገንዘብ ግን ይበላል። ስለ እሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

እዚህ ላይ ስለ መከላከያ አንድ ነገር ጣል ላድርግ፤ ብዙ ሞተር የሚሞተው በአነሳሱ ሳይሆን አንድ ፌዝ ጠፍቶበት ነውና። ሞተር የሚጠቀልል ባለሙያ ክዳኑን ከፍቶ ሳይለካ ይነግራችኋል። የስታር ሞተር ከሆነ ሁለቱ ፌዝ ጠቁረው አንዱ ንጹሕ ሆኖ ይገኛል፤ ዴልታ ከሆነ አንዱ ብቻ ከስሎ ሁለቱ ይተርፋሉ። የቫርኒሹ ሽታ ሳምንት ሙሉ ከልብስ አይለቅም። ፌዝ መቆጣጠሪያ ሪሌይ ዋጋው ከአንድ ጥቅለላ ያነሰ ነው።

ጄኔራል ኤሌክትሪክ እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጣው ታይሪስተር የሶፍት ስታርተርን መንገድ ከፈተ። ይህ ማስነሻ ቮልቴጁን ቀስ እያለ ይለቃል። ሻጮች የሚያወሩት ስለ ማስነሳቱ ነው፤ ለፓምፕ ሰው ግን ትርፉ ያለው በማጥፋቱ ላይ ነው። ኒኮላይ ዡኮቭስኪ ከእ.ኤ.አ. 1897 ጀምሮ በሞስኮ የውሃ መስመር ላይ ባደረገው ሙከራ እንዳሳየው በብረት ቧንቧ ውስጥ በሰከንድ 1 ሜትር የሚሄድ ውሃ ድንገት ቢቆም 100 ሜትር ገደማ የውሃ ከፍታ የሚያህል ግፊት ይፈጥራል። ቼክ ቫልቩ «ጓ!» ብሎ ሲዘጋ መሬቱ የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው። ሶፍት ስታርተር ፓምፑን ቀስ አድርጎ ካቆመ ቧንቧው ይተርፋል። ታዲያ መብራት ድንገት ሲሄድ እሱም አብሮ ይሞታል! መብራት ቶሎ ቶሎ በሚሄድበት አገር ይህን ግፊት የሚውጠውን የአየር ታንክ «ሶፍት ስታርተር አለን» ብሎ መተው ቧንቧ መግዛት ነው።

ፓምፑን ራሱን የጠየቀው ፍሪኩዌንሲ የሚቀይረው ኢንቨርተር ነው። የዴንማርኩ ዳንፎስ እ.ኤ.አ. በ1968 በብዛት ማምረት ጀመረ፤ የትራንዚስተሩ ነገር ሲሻሻል መጠኑም ዋጋውም ወረደ። ማስነሳቱ እዚህ እንደ ምርቃት ነው፤ ዋናው ነገር ፍጥነቱ ነው። ኃይል ከፍጥነት ኪዩብ ጋር ስለሚሄድ ፍጥነቱ ወደ 80 በመቶ ሲወርድ ፓምፑ የሚፈልገው ኃይል ወደ 51 በመቶ ይወርዳል። ቫልቭ ጠምዝዞ ውሃ መቀነስ ፍሬን ረግጦ ነዳጅ እንደመስጠት ነው። ነገር ግን ይህ ሒሳብ ግጭት ለሚበዛበት መስመር ነው። ከ150 ሜትር ጉድጓድ ውሃ የሚያወጣ ፓምፕ ፍጥነቱ ትንሽ ሲቀንስ ውሃው ጭራሹን ከላይ አይደርስም፤ ሰብመርሲብል ደግሞ የግፊት ተሸካሚው በውሃ ስለሚለሰልስ ከ30 ኸርትዝ በታች እንዲሠራ አምራቾች አይፈቅዱም። ገመዱ ረጅም ከሆነ የኢንቨርተሩ ምት ሞተሩ ጋ ሲደርስ እጥፍ ሊሆን ይችላልና ፊልተር ካልገባ ጥቅሉን ይበላዋል።

አንድ ከተማ የፓምፕ ቤት ውስጥ ያየሁትን አልረሳውም። ኢንቨርተሩ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ ስክሪኑ ጨልሟል፣ ማራገቢያው በአቧራ ተደፍኗል። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ የይለፍ ቁጥሩን የሚያውቀው ሰው አብሮ ሄዷል። ከሥሩ ሦስት ኮንታክተርና ታይመር ተሰቅለው ውሃው ይወጣል። የተከለውን ኤሌክትሪሺያን አልወቅስም፤ ከተማው ውሃ ይፈልጋል።

በቅርብ ዓመታት መስኖ ላይ የበዛው የፀሐይ ፓምፕ ነው። ኢንቨርተሩ ከፓነሎቹ በቀጥታ ይመገባል። ጠዋት ፀሐይዋ ጠንከር ስትል ሞተሩ ቀስ እያለ ይፈጥናል፣ ስትዳከም ይቀዘቅዛል። የሚቀላ የጎረቤት አምፖል የለም፤ መስመሩ ራሱ የለም። ባለፈው በጋ አንድ የስንዴ ማሳ ዳር ከገበሬው ጋር ቆመን ሳለ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ደመናውን አየና «አሁን ይቀጥናል» አለኝ። ድምፁን ነው ወይስ ውሃውን ብዬ ሳልጠይቀው ሁለቱም ቀጠኑ።